የተቀጠለው ካሴት

ነሐሴ ነበረ፤ አራዳን ዝናቡ ሲወቃት ውሎ፣
ጌጡ መጣ ሱቄ፣ አንድ ካሴት ይዞ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ።
ባሕረኛው ጌጡ፣
ከአሰብ ተነሥቶ በጭነት መርከብ ላይ ዓለምን የዞረ፣
ቀሃ ሲሞላ ግን ድልድይ ላይ ቆሞ እግሩ የታሰረ።

«ቅዳልኝ» አለኝ፤ «ደሴት ናት አገሩ፤
ካርታ ላይ የዝንብ ኩስ፣ ዙሪያዋን ባሕሩ፤
ሙዝና ሸንኮራ፣ ወበቅ፣ ትንኝ፣ ድህነት፤
ሌሊቱን ሙሉ ግን አይተኛም መንደሩ።»

የላላውን ክር በእርሳስ አጠበቅኩት፣
ቴፔን ሁለት ጊዜ በጥፊ መታሁት።
መጀመሪያ ሽውታ። ቀጥሎ ከበሮ።
ቀጥሎ ጊታር፣ እንደ ዶሮ ጭሮ፤
አኮርዲዮን ደግሞ፣ ሳንባው የታመመ፣
ይስላል፣ ይስቃል፣ እየደጋገመ።

ጥግ ላይ ዘርጋው ነበር፣
ሠርግ የሌለው ክረምት ሱቄ ያስጠለለው፣
ራሱን ብርድ እየመታው ማሲንቆውን በጋቢ የጠቀለለው።
ሰማ። ዘንበል አለ። ዓይኑን ጨፈነና
ጉልበቱን በጣቱ መታ መታ አድርጎ፣ ደግሞ እንደገና፣
«ይሄን ምት አውቀዋለሁ! ትከሻ ያወርዳል።
ታዲያ እንዲህ ያለ ልጅ ሳይሰናበተን ወዴት ይሄዳል?»

ጌጡ ሊስቅ ነበር። ተወው።
«ከዚህ አይደለም» አለ፣ «ከምዕራቡ ዳርቻ፣
ሰው ከነሰንሰለቱ፣ በመርከብ ከርስ ውስጥ፣ እንደ ጤፍ ስልቻ።
ስማቸው ተቀማ፤ ቋንቋቸው ተቀማ፤ ከበሮ ተከለከለ፤
ጣት ግን ያስታውሳል፤ ሳጥኑን፣ በርሜሉን፣ ያገኘውን ሁሉ እየደለቀ ድምፅ አበቀለ።
ጊታሩ የጌታው፤ አንድ ፈረስ ጠባቂ በመስኮት አሾልቆ በዓይኑ የተማረ፤
አኮርዲዮኑ ደግሞ ሰካራም መርከበኛ ለመጠጥ ዕዳው አስይዞት የቀረ።
ቆየት ብሎ ህንዶች ሸንኮራ ሊቆርጡ በመርከብ ሲመጡ፣
እነሱም ካገር ቤት የያዙትን ዜማ ለዚያው መንደር ሰጡ።»

«ታዲያ የማን ልበል?» አልኩ እስክሪብቶዬን ከጆሮዬ መዝዤ፣
ሽፋኑ ላይ ስም ልጽፍ፣ ባዶ ወረቀት ይዤ።

ጌጡ አልመለሰም።
ዘርጋው ግን ጋቢውን ከማሲንቆው ገልጦ፣
ወደ መብራት ያዘው፣ ጀርባውን ገልብጦ፤
«ጭራው የፈረስ ነው፣ ከወገራ በኩል፤
ቆዳው የፍየል ነው፣ ከበለሳ ገደል፤
እንጨቱ ዋንዛ ነው፣ ጣና ዳር በቅሎ የተቆረጠ።
በሕይወት ሳሉማ መቼ ተዋወቁ?
ፍየሉ ዋንዛውን ቢያገኘው ኖሮማ ቅጠሉን በጋጠ!»

ከበሬ ፊት ለፊት የግምቡ ጫፍ ይታያል፤
አንዱ ጎረቤቴ ግንበኛው ከባሕር ማዶ ነው ይላል፤
ሌላው ይከራከራል።
እኔ እንኳ የማውቀው፣ ዝናብ ሲመታው
ድንጋዩ ሁሉ እኩል እንደሚጠቁር ነው።

ደጋኑን ሳበ። ቴፑን ተከተለ።
ቀደመ። ዘገየ። መግቢያ በር ፈልጎ ሲመታ ሲስት ቆየና
ድንገት ገጠመለት፤ ጌጡም ትከሻው ላይ አንዳች ነገር ዐረፈና
ጨፈረ፤ ከወገቡ በላይ እስክስታ ሲመታ፣ ከወገቡ በታች
ወደብ ያስተማረውን፣ አንድ እግር ጎታች።

ያኔ ነው ማሽኑ ካሴቱን የበላው።

ቡናማውን ክር ከጥርሱ መሐል እንደ አንጀት ጎትቼ፣
የተጨማደደውን በምላጭ ቆረጥኩት፣ ሁለት ጣት ያህሉን መሬት ላይ ትቼ፤
ጫፍና ጫፉንም በእህቴ የጥፍር ቀለም ለጠፍኩት።
ሽፋኑን ግን እስከ ዛሬ ምንም አልጻፍኩበት።

ጌጡ አሁን የለም። ዘርጋው አዘዞ ነው፤ ጆሮው ከብዷል ይሉኛል።
ሁለተኛው ዘፈን እኩሌታው ላይ ሲደርስ
ቅጥሉ ጋ ቀጭ ይላል፤
ትንፋሽ የምታህል ዝምታ፤ ከዚያ ይቀጥላል።

ልጄ ያቺን ቀጭታ የምቱ አካል መስላት
ጠረጴዛው ላይ በጣቷ፣ ሰዓቷን ሳትስት፣ ትመታታለች።
አላረምኳትም።